የዘጠነኛው ቋሚ ቃል

ጋሪው ድልድዩ ላይ ሲወጣ የግራ ጎማው ጉድጓድ ገባና ገመድ ገማጇን ከተቀመጠችበት የቃጫ እስር አንስቶ መልሶ ጣላት። ምላሷን ነከሰች። ያም ሆኖ መስመሯን አላቋረጠችም፤ በልቧ አምስተኛው ቋሚ ላይ ነበረችና ስድስተኛው ሳትደርስ ማቆም አይሆንላትም።

«አለሽ ወይስ ሞተሻል?» አለ ባለጋሪው ፊቱን ሳይመልስ።

«አለሁ።»

«እንደዚህ ዝም ስትይ ሬሳ የጫንኩ እየመሰለኝ ነው። ሰው እኮ መንገድ ላይ ይጫወታል።»

«አንተ እየተጫወትክ አይደል? ለሁለታችንም ይበቃል።»

«አይ የኋሊት! ለካ ምላስሽንም ወደ ኋላ ነው የምትጎትቺው!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን አላነቃነቀችለትም።

የኋሊት የተባለችው በሥራዋ ነው። ገመድ ገማጅ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ አይሠራም። ቃጫውን ወገቡ ላይ ይጠመጥማል፤ ጫፉን ከመዘውሩ መንጠቆ ጋር ያያይዛል፤ መዘውሩ ሲሽከረከር ቃጫውን በጣቶቹ መሀል እየለቀቀ ወደ ኋላው ይራመዳል። የእሷ መግመጃ በሁለት ግንብ መሀል የተዘረጋ፣ መቶ ሃያ እርምጃ የሚሆን ቀጭን መንገድ ነው። ገመዱ መሬት እንዳይነካ በየአሥር እርምጃው ጫፉ ባላ የሆነ ቋሚ ተተክሏል፤ ባጠቃላይ አሥራ ሁለት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ የኋሊት ሄዳለች። የሰፈር ሰው ስም ሲያወጣ ደግሞ ብዙ አይደክምም።

የመጻሕፍት አዋጅ የወጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነበር። ማንም ሰው የእምነቱን መጽሐፍ በአርባ ቀን ውስጥ ለገዥው ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክብ፣ የዘገየ እንዲገረፍ፣ የደበቀ እንዲሞት ታዘዘ። በአርባ አንደኛው ቀን መጻሕፍቱ ፍርድ አደባባይ ላይ ተከምረው ነደዱ። ብራና ሲቃጠል እንደ ሥጋ ይሸታል፤ ከተማው ሦስት ቀን ሸተተ። የገማጇ እምነት ሽማግሌዎች ግን አርባውን ቀን በልቅሶ አላጠፉትም። መጽሐፉን ሃያ ሁለት ቦታ ከፈሉና እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት ሰው ሰጡ፤ አንዱ ያዥ፣ አንዱ ሰሚ። ያዡ በቃሉ ያጠናል፤ ሰሚው በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይሰማና ያርማል። ጥንዶቹ እርስ በርስ እንጂ ሌሎቹን አያውቁም፤ አንዱ ቢያዝ ሁሉንም እንዳያስይዝ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር፦ አትጨምር፣ አትቀንስ። በኋላ ሦስተኛ መጣ፦ ከንፈርህ አይንቀሳቀስ።

ሦስተኛውን ሕግ ያስመጣው የገማጇ ባል ነው።

ለእሷ የደረሳት የውሃ ጉድጓዱ ክፍል ሲሆን ሰሚዋ ባሏ ሆነ። ሥራ ሲፈታ ግንቡን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። «ሮጥሽ» ይላታል። «ጉድጓዱ ጋ ስትደርሺ ሰው ሁኚ እንጂ! እንስራ አዝለሽ ዝናብ የመጣብሽ አስመሰልሽው።» ይጣላሉ። እሷ ቃሉን እንደ ሸክም ነበር የያዘችው፤ አድርሺ ከተባለች ታደርሳለች፣ በቃ። እሱ ግን ይጣፍጠው ነበር። ስለ ጣፈጠውም ገበያ መሀል ሽንኩርት እየመረጠ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። ከንፈር የሚያይ ሰው ደግሞ በመንግሥት ቀለብ ገበያው ውስጥ ቆሞ ነበር። ባሏ እስረኞች ድንጋይ ወደሚፈልጡበት ካባ ተወሰደ፤ በሰባተኛው ወር መሞቱን የሚናገር ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ። ይሄው ስድስት ዓመቱ።

ከዚያ ወዲህ ሰሚ የለም። መዘውሩን የሚያዞርላት አማቷ ነው፤ ሽማግሌው ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል። «እግዜር ሰሚዬን ወስዶ ደንቆሮ ተካልኝ» ብላ አንዴ ስቃለች፤ ብቻዋን።

የጉድጓዱ ክፍል ስድሳ መስመር ነው። በየቋሚው አምስት አምስት መስመር ሰቅላለች፤ ለአንድ መስመር ሁለት እርምጃ። ገመዱ ሲረዝም ክፍሉም ይረዝማል፤ አሥራ ሁለተኛው ቋሚ ላይ ሁለቱም ያልቃሉ፤ ከዚያ እንደገና። ይህን ሁሉ የምትለው በልቧ ነው። ፊቷን ያየ ሰው ስለ ቃጫ ዋጋ የምታስብ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ላይ ቃሉ እርምጃ መቁጠሪያዋ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ቋሚ ላይ «የቆፈሩት አልጠጡም፤ የጠጡትም አልቆፈሩም» የሚል አለ። ዓመታት ምንም ሳይመስላት አለፈችው። ባሏ በሞተ ሰሞን ያ መስመር ያበሽቃት ጀመር፤ እዚያ ስትደርስ ቃጫውን ጨምድዳ ስለምትይዝ ገመዱ ሁልጊዜ ሠላሳኛው እርምጃ ላይ ይጎረብጥ ነበር፤ ደንበኞች እስኪያማርሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በአንድ ተራ ማለዳ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይኖር፣ «የጠጡት» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ገባት። እሷ ነበረች። ከገበያ ሲመለስ በድካሙ ላይ ተቀምጦ የሰማት፣ ያረማት፣ ቃሉን እንዲህ ጠልቆ የቆፈረላት እሱ፤ የምትጠጣው ግን እሷ። ይህን ማንም አልሰበከላትም። አንድ መስመር በቀን ሃያ ጊዜ፣ ለዓመታት ሲታኘክ አንድ ቀን ፍሬው ጥርስ ላይ ይመጣል። የምትነግረው ሰው ፈልጋ ቀና ብትል አማቷ መዘውሩን አቁሞ እያያት ነው። «ውሃ ላምጣልሽ?» አላት።

ዘጠነኛው ቋሚ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ባሏ በሞተበት ክረምት ጎርፍ በመግመጃው መሀል አለፈና ዘጠነኛውን ቋሚ ነቅሎ ወሰደው። ሁለት ወር ያህል ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየ፤ እዚያ የሰቀለቻቸው መስመሮችም ከልቧ ጠፉ፤ ገመዱም እዚያ ሲደርስ ጭቃ ይልስ ነበር። አናጢው አዲስ ቋሚ ሲተክል ከተሰቀሉት አምስት መስመሮች አራቱ ተመለሱ። አምስተኛው አልተመለሰም። አራተኛው «ባልንጀሮቼ በመንገድ ቀሩ፤ ጥላዬም ተለየኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ድፍን ጨለማ። በሳምንቱ፣ ሳትፈልገው፣ አንድ መስመር ራሱ መጣ። «ሰሚ ባጣሁ ቀን ዝምታዬን ሰማህ።»

መጥቶ ቁጭ አለ። ስድስት ዓመት የበላችው እንጀራ ያ መስመር ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ሌሎቹን ሃምሳ ዘጠኝ የምትሸከማቸው እሱ ጋ ለመድረስ ይመስል ነበር። የጠረጠረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ለሰው ሁሉ የተጻፈ ነው፤ ይሄ መስመር ግን ልብስ ሰፊ ትከሻዋንና ወገቧን ለክቶ የሰፋላት ይመስላል። ማንን ትጠይቅ? የሚያውቀው ሰውዬ ድንጋይ ካባው ውስጥ ተቀብሯል።

አሁን ግን አሮጌው ገዥ ሞቷል፤ አዲሱ አልገባም። በዚህ መሀል ሽማግሌዎቹ አንድ ቁም ጸሐፊ ላኩ። ከያዦቹ አፍ እየተቀበለ መጽሐፉን እንደገና እንዲጽፍ። ወደ እሷ የመጣው መልእክት አጭር ነው፦ የዘይት መጭመቂያው ቤት ገመድ ይፈልጋል፤ ገመዱን የሚገዛው ሰው ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ በጀልባ ይሄዳል፤ ተመልሶ አይመጣም።

*

የዘይት ጨማቂው ሚስት እጇ ክርን ድረስ በዘይት የወዛ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ነች። ገማጇን ቃጫዋን እንዳዘለች በጋኖቹ መሀል እየገፋች ወደ ጓዳ አስገባቻት። «ገመድ አምጪ ብዬ ስጮህ እንደሰነበትኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለቻት። «አንቺም አርፍጄ ነው ብለሽ ቁጣዬን ቻዪ፤ እውነት ይመስላል።»

ቁም ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ብርዑን ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ጆሮው ጠቁሯል። ጉልበቱ አጠገብ የቀለም ቀንድ፣ የተሰመረ ብራና፣ ሰም የተቀቡ ሦስት ሰሌዳዎች ነበሩ። ለመቀበል ሰሙ ላይ ይጭራል፤ ወደ ብራናው የሚያሻግረው በኋላ ነው።

«ይቀመጡ እናቴ። ክፍልዎ?»

«የጉድጓዱ።»

«ሰሚዎስ?»

«ሞቷል። ስድስት ዓመቱ።»

ቀና ብሎ አያት። «ስድስት ዓመት ብቻዎን?»

«ምን ላድርግ? በጡሩምባ ሰሚ ላፈላልግ?»

ፈገግ አለና ሰሌዳውን አነሳ። «ይጀምሩ።»

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። መስመሩ አለ፤ አንደኛው ቋሚ ላይ ተሰቅሎ ይታያታል፤ ግን ቋሚው አይቀርባትም፣ አይርቃትም። እግሯ እንደ ሞኝ እንግዳ መሬቱ ላይ ተጋድሟል። እንደገና ሞከረች። ላብ መጣ እንጂ ቃል አልመጣም።

«ውሃ ይጠጡ።»

«ውሃ ምን ይሠራል? መቀመጤ ነው።» ተነሳች። «ተቀምጬ አላጠናሁትም። ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው።»

ያሾፍብኛል ብላ ነበር፤ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ጫማ ሰፊው መዶሻ ካልያዝኩ አለና ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲቀጠቅጥ ዋለ። አንዷ ልጅ ካላቀፍኩ ብትለኝ የጎረቤት ልጅ ለምነን መጣን፤ ልጁ ደግሞ አለቀሰ። እርስዎ ቀላል ነዎት።»

ቀላል አልነበረችም። በጋኖቹ መሀል ያለው መተላለፊያ ሃያ እርምጃ ነው። ሁለተኛው ቋሚ ጋ ስትደርስ ጀርባዋ ግድግዳ መታ፤ ስትዞር መስመሩ ተበተነ። እንደገና ሞክራ በክርኗ አንድ ጋን ነካች።

«ኧረ ጋኖቼን!» ብላ የጨማቂው ሚስት ዘለለች። «ውጭ ውጡልኝ!»

«ወዴት ውጭ?» አለ ጸሐፊው።

«ከቤቱ ጀርባ፣ በግንቡ ሥር! ገመድ ገማጅ ገመድ ስትገምድ ማን ዞር ብሎ ያያታል? መንጠቆ ያለው መዘውር አለኝ። እኔ አዞራለሁ።»

ሞኝነት ይመስል ነበር፤ ግን ከዚያ የተሻለ ያመጣ የለም። ወጡ። ፀሐይዋ ገና ግንቡን አላለፈችም። ገማጇ ቃጫውን ወገቧ ላይ ጠመጠመች፤ ጫፉን መንጠቆው ላይ አያያዘች፤ መዘውሩ ተንቋረረ። ጸሐፊው ሰሌዳውን ክንዱ ላይ አጋድሞ፣ የገመድ ርዝመት እንደሚለካ የነጋዴ ወኪል ፊት ለፊቷ እየተከተላት ሄደ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሁለት።

ቃሉም መጣ።

የደነገጠችው በድምፁ ነው። ሻካራ፣ ወፍራም፣ የማታውቀው ሴት ድምፅ ነበር። ስድስት ዓመት ይህ ክፍል በልቧ የሚነገረው በባሏ ድምፅ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። ለማዘን ግን ጊዜ የለም፤ ቃጫው ከጣቷ እየሸሸ ነው። አንደኛው ቋሚ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የቆፈሩት አልጠጡም። ጸሐፊው አንድ ሰሌዳ ሞልቶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፤ ሁለተኛውንም ሞላ፤ ከሰባተኛው ቋሚ ጀምሮ ትልቁን ሦስተኛ ሰሌዳ ያዘ። ዘጠነኛው ቋሚ ጋ ደረሰች። «ሰሚ ባጣሁ ቀን ዝምታዬን ሰማህ» አለች። ጸሐፊው ለአፍታ ቀና ብሎ አይቷት መጫሩን ቀጠለ።

የአሥረኛውን ቋሚ የመጨረሻ መስመር ስትጨርስ ሰፈሩን የሚጠብቅ አንድ የአሥር አለቃ በግንቡ ጥግ ብቅ አለ። ጸሐፊው አላመነታም። መዳፉን ሰሙ ላይ አሳልፎ ከዳር እስከ ዳር አሸው።

«ምንድነው የምትጽፈው?» አለ የአሥር አለቃው።

«የገመዱን እርምጃ ነው፣ አለቃ። ቆሜ ካልቆጠርኩ ያጭበረብሩኛል።»

«ስንት ሆነ?»

«መቶ ላይ ስደርስ ጠፋኝ።»

የአሥር አለቃው ሰሌዳውን ወስዶ አገላበጠው። «ይሄ ባዶ ነው።»

«ተሳሳትኩና ደመሰስኩት። እንደገና ልንጀምር ነው።»

«እንደገና?!» አለች የጨማቂው ሚስት ከመዘውሩ ጋ፤ ጩኸቷ ለማስመሰል አልነበረም። «ክንዴ ተገነጠለ እኮ! መቶ መቁጠር የማይችል ሰው ላኩብኝ! አለቃ፣ እንግዲህ ከመጡ አይቀር እርስዎ ያዙሩልኝ።»

«ባልሽ ያዙርልሽ!» አለ የአሥር አለቃው፤ ሰሌዳውን ወርውሮ ከማዞሩ ሥራ ሸሸ።

ኮቴው ጠፋ። ከዚያ ጸሐፊው በተጨነቀ ድምፅ፣ «ከሰባተኛው ቋሚ ይድገሙልኝ» አላት።

ደገመችለት። ሰባተኛው እንዳለ መጣ። ስምንተኛውም ቃል ሳያጎድል፣ ትንፋሽ መውሰጃው እንኳ ሳይለወጥ። ዘጠነኛው ላይ አራቱ መስመሮች እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ተከታትለው መጡ። አምስተኛው መጣ። «ሰሚ በሌለኝ ጊዜ ዝም ማለቴን ሰማህ» አለች።

የገዛ ጆሮዋ ሰማው። እግሯ ቆመ፤ ገመዱ ረገበ።

«ደከመዎት?» አለ ጸሐፊው፤ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሳ።

«አይ።»

እስከ አሥራ ሁለተኛው ሄደች።

*

ጓዳው ውስጥ ተመልሰው ጸሐፊው ብራናውን ዘረጋ። ሁለቱን የመጀመሪያ ሰሌዳዎች ሲያሻግር እጁ ፈጣን ነበር። ገማጇ ቆማ ታየዋለች። ሦስተኛውን ሰሌዳ ሳይጀምር ብርዑን አስቀመጠ።

«ሦስተኛው ቀለም ከመንካቱ በፊት መሐላውን እንጨርስ። ሰሚ ያለው ክፍል ሰሚው ይመሰክርለታል። ለእርስዎ ያለው መሐላው ብቻ ነው። ያልተማለበት ክፍል መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ሽማግሌዎቹ አጥብቀው አዘውኛል።» እጇን እንድታሳርፍበት ብራናውን ወደ እሷ ገፋው። «የተቀበልኩትን አስረክቤአለሁ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ይህንን ብቻ ይበሉ።»

እጇን አነሳች። መዳፏ የቃጫ ብናኝ ነበረበትና በቀሚሷ ጠረገችው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዝም ብትል ምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ብትናገር ሃምሳ ዘጠኝ እውነተኛ መስመር ከአንዱ ጋር አብሮ ይወድቃል፤ አሥራ አንድ ዓመት፣ ባሏ የሞተበትም ጭምር። ዝም ብትል ደግሞ የአንዲት ገመድ ገማጅ ቃል ከዚህ በኋላ በሚወለዱ ሰዎች ጆሮ የእግዜር ቃል ሆኖ ይነበባል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር። ያ መስመር የእሷ ከሆነ፣ ስድስት ዓመት ማንም ምንም አላላትም ማለት ነው። ብቻዋን ነበረች።

«አንድ መስመር የእኔ ነው» አለች።

ጸሐፊው አልገባውም። ስለ ጎርፉ፣ ስለ ቋሚው፣ ከሳምንት በኋላ ስለ መጣው ቃል ነገረችው። በአጭሩ ነገረችው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። እሱ ሊያጽናናት ሞከረ። «እናቴ፣ ሁሉም እንዲህ ይላሉ። ጫማ ሰፊው አንደኛው መስመር ስለ ጉልበቴ የተጻፈ ነው ብሎ ምሎልኛል። ቃሉ ሰው ላይ ሲቀመጥ እንዲያ ነው።»

«ጫማ ሰፊውን ሁለት ጊዜ አስብለኸዋል?»

«አላስባልኩትም።»

«እኔን አስብለኸኛል። ሃያ መስመር ሁለት ጊዜ አልኩልህ። አሥራ ዘጠኙ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ አንዱ ተለወጠ። ተቀብዬው ቢሆን እንደ ተቀበልኩት በመጣ ነበር።»

ጸሐፊው የጠቆረ ጆሮውን አሸ። «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ዝም ልል ነበር።»

«ለምን?»

«ሃያ ክፍል ስቀበል እጄን ያቆመው ቃል እሱ ብቻ ነው። ሳስበው... የእርስዎ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔስ?» አለች፤ ቁጣዋ ሳታስበው ወጣ። «እኔ ደስ አይለኝም ነበር?»

ከውጭ የጨማቂው ሚስት በሩን መታች። «ጀልባ ቀዛፊው እየተሳደበ ነው! ምን ትጠብቃላችሁ?»

«በሃምሳ ዘጠኙ እምላለሁ» አለች ገማጇ።

«እንዲህ ያለ መሐላ የለም።»

«እንግዲህ ይኑራ።»

«የአንዱ ቦታስ? አራተኛው መስመር ተከታዩን ይጠብቃል። ዝም ብዬ ላያይዘው አልችልም፤ ያነክሳል።»

«ባዶ ተወው።»

ለቁም ጸሐፊ በገጽ መሀል ባዶ መስመር መተው ሱሪ ሳይታጠቁ አደባባይ እንደ መውጣት ነው። ሰውየው ፊቱ ቀላ። «የሚያነበው ሁሉ ጸሐፊው እንቅልፍ ወሰደው ነው የሚለው! ሽማግሌዎቹስ ምን ይሉኛል?»

«ያዧ ቃሉን ጣለች፣ የጣለችበትንም ቦታ አሳየች በላቸው። ክፍሉን አናስገባም ካሉ አያስገቡ፤ ያኔ ጥፋቱ የእነሱ ነው። አንድ ቀን አንድ ቦታ አንድ የተደበቀ መጽሐፍ ቢገኝ ባዶውን ይሞሉታል። የእኔን ቃል ሞልተህበት ከሆነ ግን ማንም የሚፈልግ የለም።»

ጸሐፊው አያት። ከዚያ ብርዑን ቀለም ውስጥ ነከረና የሰባተኛውን፣ የስምንተኛውን ቋሚ መስመሮች፣ የዘጠነኛውንም አራቱን ጻፈ። ባዶው ጋ ሲደርስ እጁ ለአፍታ ተንሳፈፈ፤ የተሰመረውን ስስ ጭረት ዘለለና ከሥሩ ያለውን ጀመረ። እንደ ጨረሰ ምንም ሳይል ብራናውን ወደ እሷ ገፋ። መዳፏን ከጽሑፉ በታች፣ ቀለሙ ያልደረሰበት ዳር ላይ አሳረፈች።

«የተቀበልኩትን አስረክቤአለሁ። አልጨመርኩም። አንድ ጠፍቶብኛል፤ ቦታውን አሳይቻለሁ።»

«ይበቃል» አለ ጸሐፊው በሹክሹክታ። ብራናውን ጠቅልሎ በሰም ጨርቅ አሰረና ይዞት በሚሄደው የዘይት ማሰሮ ውስጥ ደበቀው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። እጅ ሊነሳት ፈልጎ እንደ ሆነ አላወቀችም፤ የጨማቂው ሚስት ጎትታ አወጣችው።

*

መመለሻው ላይ መንገዱ ባዶ ነበር። ፀሐይዋ ወደ መግቢያዋ አዘንብላለች። ባለጋሪው የሚያወራው አልቆበት ያፏጫል።

ስታስረክብ ቅልል ይለኛል ብላ ነበር የምታስበው። የሆነው ግን ዕቃው የወጣበት ቤት ዐይነት ነገር ነው፤ ግድግዳው ያስተጋባል። አሁን ማንም ያዢልኝ አይላትም። ነገ ብትሞት የሚጠፋ ነገር የለም። ፈራችና በልቧ አንደኛውን ቋሚ ፈለገች። አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አሉ። ሌባ እንደ ገባበት ሰው አንድ በአንድ እየነካች ሄደች። ምንም አልጎደለም፤ ግን ለማንም መድረስ የማይጠበቅበትን ነገር ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አልሮጠችም። ጋሪው ቀስ ይላል፤ እሷም ቀስ አለች።

ዘጠነኛው ጋ ደረሰች። ባልንጀሮቼ በመንገድ ቀሩ፤ ጥላዬም ተለየኝ። ከዚያ ባዶው። በዚያ ባዶ ላይ ለመቆም ሞከረች፤ አፏ ግን ልማዱን ይፈልጋል፤ የራሷ መስመር ቀድሞ ምላሷ ላይ ቆሟል።

ያኔ አስተዋለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእግዜር የመጣላት ቃል ነው ብላ ስትይዘው አንዴም ልብ አላለችውም። ሰማህ ነው የሚለው። ሰማሁሽ አይልም። ከላይ ወደ እሷ የመጣ ቃል አልነበረም፤ ከእሷ የወጣ ነው። ከመጽሐፉ በልታ በልታ፣ በመጽሐፉ አነጋገር፣ ሳታውቀው መልስ ስትሰጥ ኖራለች። ጓዳ ውስጥ ያስፈራት ነገር እንዲህ ሲያዩት መልኩ ሌላ ነው። ሰው ዝም ብሎ ለግድግዳ ስድስት ዓመት አያወራም። ያወራም እንደሆነ እሷ እንዲያ ዐይነት ሰው አይደለችም።

የሽማግሌዎቹ ሕግጋት ለመጽሐፉ ነበሩ። ለዚህ መስመር ሕግ አልወጣለትም። መጨመርም ይቻላል፣ መቀነስም። ከንፈርን ማንቀሳቀስም።

ገማጇ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰሚ ሳጣ» አለች ድምፅዋን አውጥታ፣ በዚያ ሻካራ፣ ገና ባልለመደችው ድምፅ፣ «ዝም ብዬም ሰምተኸኛል።»

ፉጨቱ ተቋረጠ። ባለጋሪው ልጓሙን ያዝ አድርጎ ዞረ፤ እሷን አየ፤ ከኋላዋ ያለውን ባዶ መንገድ አየ፤ እንደገና እሷን አየ።

«እኔን ነው?»

«አንተን አይደለም።»